ግዴታ የሌለበት የፋርማሲ ልምምድ፦ ሒሳቡን የሚከፍለው ማን ነው?

እንበል፣ በጆሃንስበርግ መሃል ከተማ፣ የእኛ ሰዎች «ጄፒ» በሚሉት የንግድ ሰፈር ብርድ ልብስና ጫማ እየሸጠ ልጆቹን ያስተማረ ኢትዮጵያዊ ቤተሰብ አለ። ታላቂቱ ልጅ ዊትስ ዩኒቨርሲቲ ፋርማሲ ገብታ አራተኛ ዓመቷን ጀምራለች። ሁለት ግብዣ ቀርቦላታል። አንደኛው የአንድ ዓመት ልምምድ ነው፤ ሲያልቅ ወደፈለገችበት መሄድ ትችላለች። ሁለተኛው የቀረውን የትምህርት ክፍያ ሸፍኖ ልምምዱንም ይሰጣታል፤ ነገር ግን ከዚያ በኋላ ሁለት ዓመት ለድርጅቱ እንድታገለግል ያስፈርማል። አባት «ሥራዋ ተረጋገጠ» ብለው ሁለተኛውን ይወዳሉ። እናት ደግሞ ልጄን በወረቀት አላስይዝም ይላሉ።

ክርክሩን ለመፍታት መጀመሪያ ሕጉን ማየት ያስፈልጋል። በደቡብ አፍሪካ የአራት ዓመቱ ዲግሪ ብቻውን ማንንም ፋርማሲስት አያደርግም። በ1974 እ.ኤ.አ. በወጣው የፋርማሲ ሕግ የሚሠራው የሙያው ምክር ቤት ልምምዱን በጥብቅ ይቆጣጠራል። ተመራቂዋ ምክር ቤቱ በፈቀደው ቦታ፣ በተፈቀደለት አሠልጣኝ ፋርማሲስት ሥር 12 ወር ትሠራለች፤ ፈተናም ታልፋለች። ይህ ሲያበቃ ሌላ 12 ወር በመንግሥት ጤና ተቋም የማኅበረሰብ አገልግሎት ይጠብቃታል። በ1998 በሐኪሞች የተጀመረው ይህ አገልግሎት በጥቂት ዓመታት ውስጥ ፋርማሲስቶችንም አካቷል። ግዴታ የሌለበት ልምምድ ያገኘችውም ልጅ ያመለጠችው ከአሠሪ ነው እንጂ ከመንግሥት አይደለም።

ታዲያ ግዴታ የማያስፈርም አሠሪ ምን አገኝ ብሎ ያሠለጥናል? አሜሪካዊው ኢኮኖሚስት ጌሪ ቤከር በ1964 ባሳተመው ሥራው የሰጠው መልስ እስካሁን አላረጀም። በየትኛውም ድርጅት የሚያገለግል ሙያ ከሠራተኛው ጋር አብሮ ይሄዳል፤ ስለዚህ አሠሪው ወጪውን አይሸከምም፤ ሠልጣኙ ራሱ በሥልጠናው ጊዜ ዝቅ ያለ ደመወዝ በመቀበል ይከፍላል። የፋርማሲ ልምምድ ለዚህ አባባል ከሚገኙ ምሳሌዎች ሁሉ ግልጹ ሳይሆን አይቀርም። ተለማማጁ ምን መቻል እንዳለበት የሚወስነው ምክር ቤቱ ነው፤ ባራጓናት ሆስፒታል የተለማመደውም፣ ሚድራንድ የመድኃኒት ፋብሪካ የተለማመደውም፣ ገበያ አዳራሽ ውስጥ ባለ መድኃኒት ቤት የተለማመደውም በመጨረሻ የሚያገኙት ምዝገባ አንድ ነው።

ተለማማጇ ደግሞ ዝም ብላ ቆማ አትማርም። በደቡብ አፍሪካ የኤችአይቪ መድኃኒት የሚወስደው ሰው ብቻ ከአምስት ሚሊዮን በላይ ነው። የስኳርና የደም ግፊቱ ሲጨመርበት በየወሩ የሚደጋገመው የሐኪም ማዘዣ ማለቂያ የለውም። ማዘዣ የምታነበው፣ መድኃኒት የምታዘጋጀው፣ ለበሽተኛው አወሳሰዱን የምታስረዳው እሷ ናት፤ የምታገኘው ግን ከተመዘገበ ፋርማሲስት ደመወዝ ያነሰ ነው። አሠልጣኙ ለእሷ የሚያጠፋው ሰዓት ወጪ መሆኑ አይካድም። ሆኖም በዓመቱ መጨረሻ ሒሳቡ ሲዘጋ አሠሪው «ያለ ምንም ግዴታ አሠለጠንኩሽ» ብሎ ውለታ ሊቆጥርባት አይችልም። ውለታውን በየወሩ ከፍላለች።

ሌላም ጥቅም አለ፤ ይኼኛው ብዙ ጊዜ አይነገርም። ኢኮኖሚስቶቹ ዳሮን አሴሞግሉና ዮርን ስቴፈን ፒሽከ በ1990ዎቹ መጨረሻ በጀርመን የሙያ ልምምድ ላይ ባካሄዱት ጥናት፣ ድርጅቶች ሠልጣኙ እንደሚሄድ እያወቁም ለምን እንደሚያሠለጥኑ ጠይቀው ነበር። ካገኟቸው ምክንያቶች ዋናው መረጃ ነው። ዓመቱን ሙሉ አብሯት የሠራ አሠሪ ልጅቱ ጠንቃቃ ትሁን ዝርክርክ፣ ሰው ታክብር አታክብር ያውቃል፤ ሌላው ቀጣሪ የሚያየው ወረቀቷን ብቻ ነው። ስለዚህ ጎበዟን ቀድሞ ለማስቀረት ዕድል አለው። ከእሷ ወገን ሲታይ ደግሞ ግዴታ አለመፈረሟ የመደራደሪያ አቅም ይሆናታል። ከማኅበረሰብ አገልግሎቱ ስትመለስ «ስንት ትከፍሉኛላችሁ?» ብላ መጠየቅ ትችላለች። የፈረመችው ጓደኛዋ ይህን ጥያቄ ገና ተማሪ ሳለች ሸጣዋለች።

እንግዲህ የማገልገል ግዴታው በአብዛኛው የሚመጣው ከልምምዱ ሳይሆን ከትምህርት ክፍያው ነው። ምክንያቱ ከባለቤትነት ሕጉ ይጀምራል፦ ከ2003 በፊት በደቡብ አፍሪካ መድኃኒት ቤት መክፈት የሚችለው ፋርማሲስት ብቻ ነበር። በዚያ ዓመት ባለቤትነቱ ለሌሎችም ሲፈቀድ የችርቻሮ ድርጅቱ ክሊክስ በ2004 የመጀመሪያውን መድኃኒት ቤት ከፈተ፤ ዛሬ ከ700 በላይ አለው። በ1978 በጆሃንስበርግ ሞንዲዮር ሰፈር በአንዲት መድኃኒት ቤት የተጀመረው ዲስኬምም በ2016 ወደ አክሲዮን ገበያ እስከመግባት ደረሰ። ሕጉ ባለቤትነቱን ቢለቅም በእያንዳንዱ መድኃኒት ቤት ኃላፊ ፋርማሲስት መኖር አለበት የሚለውን አልተወም። ካፒታል ላለው ድርጅት የማስፋፊያው ማነቆ ሰው ሆነ ማለት ነው። ትልልቆቹ ድርጅቶች ተማሪውን ገና ዩኒቨርሲቲ ሳለ ክፍያውን እየሸፈኑ የሚይዙት በዚህ ምክንያት ነው፤ የክልል ጤና ቢሮዎችም ለአስተማሩበት ዓመት ልክ አገልግሎት ይጠይቃሉ። ይህ ብድር ነው፤ ወለዱ በነፃነት ይከፈላል። ብድርነቱ እስከታወቀ ድረስ ነውር የለበትም።

አባትየው የሚያነሱት ነጥብ ክብደት የሚያገኘው እዚህ ላይ ነው። የባለሙያ እጥረት በነበረበት ጊዜ ግዴታው ሠራተኛውን የሚጎትት ገመድ ነበር። አሁን ሥራ አጥነት ከ30 በመቶ በላይ በሆነበት አገር፣ የመንግሥት ጤና በጀትም በጠበበበት ሰዓት፣ ያው ወረቀት የሥራ ዋስትና ሊሆን ይችላል። በ2025 መጀመሪያ ሥልጠናቸውን የጨረሱ ሐኪሞች ሥራ አጥተው ሰልፍ እስከመውጣት ደርሰዋል። የጤና ሚኒስትሩ አሮን ሞትሶአሌዲ በዚያው ዓመት ሚያዝያ ይፋ ያደረጉት ቅጥር 1,200 ሐኪሞች፣ 200 ነርሶችና 250 ሌሎች የጤና ባለሙያዎች ነበር። ፋርማሲስቶች የሚገቡት በዚያ 250 ውስጥ ከብዙ ሙያ ጋር ተጋፍተው ነው። በመንግሥት ምደባ ላይ ዜጎችና ቋሚ መኖሪያ ያላቸው መቅደማቸውም ለስደተኛ ቤተሰብ ቀላል ጉዳይ አይደለም።

ነገር ግን ዋስትናነቱ የሚሠራው ውሉ ሁለቱንም ወገን ካሰረ ብቻ ነው። ልጅቱ ብትሄድ እንድትከፍል የሚያስገድድ፣ ድርጅቱ ቦታ ባይኖረው ግን ምንም የማይለው ውል ዋስትና አይባልም። የደቡብ አፍሪካ ሕግ ለፈራሚው ጥቂት መሸሸጊያ ትቶለታል። በ1962 የወጣው የውል መቀጫ ሕግ፣ ቅጣቱ አሠሪው ከደረሰበት ጉዳት ጋር የማይመጣጠን ከሆነ ፍርድ ቤት እንዲቀንሰው ይፈቅዳል። የሥራ ሁኔታዎች ሕጉም አሠሪ በራሱ ፈቃድ ብቻ ከደመወዝ እንዳይቆርጥ ይከለክላል። ወጣት ተመራቂ ግን ጠበቃ ይዞ ትልቅ ድርጅትን ለመሞገት አቅም የለውም፤ ከመፈረም በፊት ማንበብ ይረክሳል።

ወደ አገራችን ስንመለስ ጉዳዩ ሌላ መልክ አለው። የወጪ መጋራት ደንቡ በ1995 ዓ.ም. ሲወጣ የትምህርት ዕዳን በገንዘብ ተምኖ ከደመወዝ ቀስ በቀስ የሚከፈል አደረገው፤ ይህ ትክክለኛ መንገድ ነበር። ለጤና ባለሙያዎች ግን ከዚህ ጎን ለጎን በዕጣ መመደብና አገልግሎቱ እስኪያልቅ ዋናውን ዲግሪ ይዞ ማቆየት ለረጅም ጊዜ ሲሠራበት ቆይቷል። ወረቀት መያዝ ከግዴታ ዓይነቶች ሁሉ መጥፎው ነው። ምክንያቱም ዕዳው ስንት እንደሆነ አይታወቅም፤ ግማሹን ያገለገለና ምንም ያላገለገለ እኩል ወረቀት አልባ ይሆናሉ፤ ሌላ አሠሪም ቀሪውን ዕዳ ከፍሎ ባለሙያውን ልውሰድ ቢል መንገድ አያገኝም። ቂሊንጦ ላይ ፋብሪካ የተከሉ የመድኃኒት አምራቾች ያሠለጠኑትን ለማቆየት ውል ሲያዘጋጁ ይህን አሠራር ባይቀዱ ይሻላቸዋል። ያወጡትን ወጪ በብር አስልተው፣ ባገለገለበት ወር ልክ እየቀነሰ የሚሄድ ዕዳ ይጻፉ።

የጄፒዋን ልጅ በሚመለከት የእኔ ፍርድ ከእናቷ ጋር ነው፤ ግን በቅድመ ሁኔታ። ቤተሰቡ የቀረውን የዩኒቨርሲቲ ክፍያ መሸፈን ከቻለ ግዴታ የሌለበትን ልምምድ ትውሰድ፤ ለአንድ ዓመት ልምምድ ብቻ የሁለት ዓመት አገልግሎት የሚጠይቅ ካለም አትፈርም። ክፍያውን መሸፈን ካልተቻለ ሁለተኛው ግብዣ መጥፎ ብድር አይደለም። ያኔ አባት ከፊርማው በፊት ድርጅቱን ሦስት ነገር በጽሑፍ ይጠይቁ፦ ልጄ በማኅበረሰብ አገልግሎት ላይ ሳለች ውሉ ምን ይሆናል? ግማሹን አገልግላ ብትለቅ የምትከፍለው ስንት ነው? ስትመለስ ቦታ ባይኖራችሁ ዕዳው ይሰረዛል? ለሦስተኛው ጥያቄ «አዎ» ብሎ የማይጽፍ ድርጅት ከሆነ ይለፉት።