ውክፔዲያን የተሸከመው ሚዲያዊኪ

ሚዲያዊኪ የውክፔዲያ ገጾች የሚጻፉበት፣ የሚታረሙበትና የሚቀመጡበት ሶፍትዌር ነው። ኮዱ ለማንም ክፍት ስለሆነ መሥሪያ ቤትም ሆነ ማኅበር በራሱ ሰርቨር ላይ በነፃ ሊጭነውና እንደሚፈልገው ሊያሻሽለው ይችላል። የመጀመሪያውን ቅርጽ ጀርመናዊው ማግነስ ማንስከ በፒኤችፒ የፕሮግራም ቋንቋ ጻፈው፤ የእንግሊዝኛው ውክፔዲያም እ.ኤ.አ. በ2002 ወደዚሁ ሥርዓት ተዛወረ። በዚያው ዓመት ፕሮግራመሩ ሊ ዳንኤል ክሮከር እንደገና ሠራው።

እኔ ከሁሉ አብልጬ የማደንቀው ቋንቋን የሚይዝበትን መንገድ ነው። ከ«ዋና ገጽ» ጀምሮ እስከ ስህተት ማስታወቂያው ድረስ በማያ ገጹ ላይ የምናነበው ሁሉ ከኮዱ ተለይቶ በመልእክት ፋይል ይቀመጣል። ኮድ መጻፍ የማይችል ሰው እንኳ ትራንስሌትዊኪ በተባለው መድረክ ገብቶ መልእክቶቹን አንድ በአንድ ይተረጉማል፤ ብዙዎቹም የት እንደሚወጡ የሚያስረዳ ማስታወሻ አብሯቸው አለ።

አንዱ መልእክት እገሌ ገጽ እንደፈጠረ የሚያሳውቅ ነው እንበል። የእንግሊዝኛው ግሥ ለወንድም ለሴትም አይለወጥም፤ በአማርኛ ግን ከበደ ፈጠረ፣ አልማዝ ፈጠረች ነው። ሚዲያዊኪ ተርጓሚው ሁለቱንም እንዲጽፍ ቦታ ይሰጠዋል። ተጠቃሚዋ በምርጫዎቿ ገጽ በሴት አንቀጽ መጠራት እንደምትፈልግ ካስመዘገበች «ፈጠረች» የሚለው ይወጣላታል። ቁጥርም እንዲሁ ነው። አማርኛ ነጠላና ብዙ ይበቃዋል፤ ዐረብኛ እንደ ቁጥሩ እስከ ስድስት ቅርጽ ይጠይቃል፤ ሶፍትዌሩ ለዚያም ተዘጋጅቷል። ሴትን «ገባህ?» እያለ የሚያናግር ፕሮግራም በበዛበት ጊዜ ይህ ለሰው የተሰጠ ክብር ነው።

አንባቢው የሚፈልገውን ቋንቋ የሚመርጥበት ቋንቋ መምረጫ ፊደል መክተቢያም አለው። ዋሽንግተን ያለ ጸሐፊ ምንም ሳይጭን በላቲን ቁልፎች ድምፁን እየተከተለ የግዕዝ ፊደል ይጽፋል። እ.ኤ.አ. በ2022 የወጣው አዲስ ገጽታ ደግሞ ይህን መምረጫ ከጎን ዝርዝሩ አንስቶ ከርዕሱ አጠገብ አስቀምጦታል።

ብዙ ያነጋገረው አዲስ ሥራ የማሽን ትርጉም ነው። «የይዘት ትርጉም» የተባለው መሣሪያ ዋናውን ጽሑፍና ትርጉሙን አንቀጽ በአንቀጽ ጎን ለጎን ያሳያል። እ.ኤ.አ. በ2023 ሚንት የተባለ አገልግሎት ታከለበት፤ ውክፔዲያን በሚያስተናግደው በዊኪሚዲያ ፋውንዴሽን ሰርቨሮች ላይ በክፍት ሞዴሎች የሚሠራ ሲሆን፣ ከሚያስተናግዳቸው 200 ያህል ቋንቋዎች መካከል አማርኛና ትግርኛ ይገኛሉ። ጥሩነቱ መሣሪያው ማሽኑን በጭፍን አለማመኑ ነው። ረቂቁ ምን ያህል እንዳልታረመ ይለካል፣ ጸሐፊውን ያስጠነቅቃል፣ ያልተነካው ክፍል ከበዛም እንዳይታተም ሊያግድ ይችላል። ለአማርኛው ውክፔዲያ ይህ አጥር በጣም ያስፈልጋል፤ አዘጋጆቹ ጥቂት በመሆናቸው አንዴ የገባ የተበላሸ ትርጉም አራሚ ሳያገኝ ዓመታት ሊቆይ ይችላል።

ያልተተረጎመ መልእክት ሲያጋጥመው ሶፍትዌሩ ቦታውን ባዶ አይተወውም፤ ለቀቹዋ አንባቢ እስፓንኛውን፣ ለብሬቶን አንባቢ ፈረንሳይኛውን ያቀርባል። ለአማርኛ የሚመጣው እንግሊዝኛው ነው። ስለዚህ በአማርኛ ገጽ መካከል ብቅ የሚል የእንግሊዝኛ ትእዛዝ ተርጓሚ እየጠበቀ ነው ማለት ነው። ትራንስሌትዊኪ ላይ አካውንት ከፍቶ ጥቂት የሙከራ ትርጉሞችን ለሠራና ፈቃድ ላገኘ ሰው በሩ ክፍት ነው።