በአዋሽና በሰመራ ሙቀት የክፍል አየር ማቀዝቀዣን መፈተሽ፦ ከጋዝ በፊት ምን ይለካ?

መግቢያ

የክፍል አየር ማቀዝቀዣ ማቀዝቀዝ ሲያቅተው ብዙ ጊዜ ቀድሞ የሚሰጠው ብይን «ጋዝ ጨርሷል» የሚል ነው። ይሁን እንጂ ጋዙ እንደ ነዳጅ ተቃጥሎ አያልቅም፤ በታሸገ መስመር ውስጥ ከፈሳሽ ወደ ተን፣ ከተን ወደ ፈሳሽ እየተለወጠ ስለሚዘዋወር የሚጎድለው መስመሩ ሲያፈስ ብቻ ነው። ይህ ጽሑፍ የመሣሪያውን ዋና ዋና ክፍሎችና የአፈታተሻቸውን ቅደም ተከተል ያብራራል። አንድ ልኬት ጤናማ ወይም የብልሽት ምልክት መሆኑ የሚታወቀው ከቦታው ሙቀት ጋር ሲገናዘብ መሆኑንም ያሳያል።

የቦታው ሁኔታ

አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ አላት፤ አዋሽ ሰባት ኪሎ ወደ 1,000 ሜትር ትጠጋለች፤ ሰመራ ደግሞ ከ400 ሜትር ብዙም አትርቅም። በሰመራ በሰኔ ወር የቀኑ ሙቀት ከ40 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ያልፋል። አይኤስኦ 5151 የተባለው ዓለም አቀፍ መስፈርት የአየር ማቀዝቀዣዎችን አቅም ቲ1 በተሰኘው ሁኔታ በ35 ዲግሪ የውጭ ሙቀት፣ ለሞቃት አገሮች በተዘጋጀው ቲ3 ደግሞ በ46 ዲግሪ ይለካል። ስለሆነም በቲ1 ብቻ የተመዘነ መሣሪያ በሰመራ ቀትር በስም ሰሌዳው ላይ የሰፈረውን አቅም ባያሳይ ተበላሽቷል ማለት አይቻልም።

ክፍሎቹና ሥራቸው

ኮምፕሬሰሩ ተኑን ጨምቆ ግፊቱንና ሙቀቱን ከፍ ያደርጋል። ኮንደንሰሩ ሙቀቱን ወደ ውጭ አየር አስተላልፎ ተኑን ወደ ፈሳሽነት ይለውጣል። ቀጭኑ የካፒላሪ ቱቦ የፈሳሹን ግፊት ይቀንሳል፤ ኢቫፖሬተሩም የክፍሉን ሙቀት ስቦ ፈሳሹን መልሶ ያተናል። ፋኖቹ፣ ካፓሲተሩና ቴርሞስታቱ ይህን ዑደት ያንቀሳቅሳሉ፤ ይቆጣጠራሉም።

የውጭው ሙቀት በዑደቱ ላይ የሚያሳድረው ጫና በቀላል ስሌት ይታያል። ኢቫፖሬተሩ በ7 ዲግሪ (280 ኬልቪን) ይሠራል እንበል። ኮንደንሰሩ በ40 ዲግሪ ሲሆን የካርኖ ቅልጥፍና 280 ለ33 ሲካፈል ወደ 8.5 ይሆናል፤ በ60 ዲግሪ ግን 280 ለ53 ሲካፈል ወደ 5.3 ይወርዳል። የትክክለኛው መሣሪያ ቅልጥፍና ከሁለቱም በእጅጉ ያነሰ ቢሆንም የመውረዱ አቅጣጫ አንድ ነው።

የፍተሻ ቅደም ተከተል

1. የአየር ፍሰት። በደረቅና አቧራማ አካባቢ ኮንደንሰሩና የአየር ማጣሪያው ቶሎ ይደፈናሉ። ከጽዳት በኋላ ወደ መሣሪያው በሚገባውና ከእርሱ በሚወጣው የክፍል አየር መካከል ያለው የሙቀት ልዩነት ይለካል። ከ8 እስከ 12 ዲግሪ ከሆነ ዑደቱ በአብዛኛው ጤናማ ነው።

2. ቮልቴጅ። የሚለካው መሣሪያው ጠፍቶ ሳለ ሳይሆን ኮምፕሬሰሩ በሚነሣበት ቅጽበት ነው። የሞተሩ የመነሻ ጉልበት ከቮልቴጁ ካሬ ጋር ስለሚመጣጠን፣ 220 ቮልት ወደ 180 ቢወርድ ጉልበቱ ወደ 67 በመቶ ዝቅ ይላል። በዚህ ጊዜ ጥፋቱ የኮምፕሬሰሩ ሳይሆን የመስመሩ ነው።

3. ካፓሲተር። ኃይሉ ተቋርጦ፣ በውስጡ የታመቀው ኤሌክትሪክ በሬዚስተር አማካይነት ከወጣ በኋላ ይለካል። 35 ማይክሮፋራድ፣ ሲደመር ወይም ሲቀነስ 5 በመቶ የሚል ጽሑፍ ያለበት ካፓሲተር ከ33.25 በታች ካሳየ ይለወጣል። ሙቀት የካፓሲተርን ዕድሜ ስለሚያሳጥር በቆላ ከተሞች ይህ ፍተሻ ቀዳሚ ትኩረት ይሻል።

4. የኮምፕሬሰሩ ጥቅል ሽቦዎች። ኢንቨርተር ባልሆነ ባለ አንድ ፌዝ ኮምፕሬሰር ላይ በጋራው ጫፍና በሥራው ጫፍ መካከል 2 ኦም፣ በጋራውና በመነሻው መካከል 4 ኦም ከተገኘ፣ በመነሻውና በሥራው መካከል 6 ኦም መገኘት አለበት። ከጋራው ጫፍ ወደ ሁለቱም መስመሩ የተቋረጠ ሆኖ በመነሻውና በሥራው መካከል ግን 6 ኦም ከተነበበ፣ የተከፈተው የውስጥ ኦቨርሎድ መከላከያው ሊሆን ይችላል። ይህ መከላከያ የሚዘጋው ኮምፕሬሰሩ ሲቀዘቅዝ ነው፤ በሰመራ ቀትር ደግሞ ማቀዝቀዙ ሰዓታት ሊወስድ ይችላል። ሳይጠብቁ «ተቃጥሏል» ማለት ጤነኛ ኮምፕሬሰር ያስጥላል። በመጨረሻ በጥቅል ሽቦዎቹና በብረት አካሉ መካከል ያለው ኢንሱሌሽን በ500 ቮልት ሜገር ይለካል፤ ከ1 ሜጋኦም በታች ከሆነ አደገኛ ነው።

5. ግፊትና ጋዝ። ይህ የመጨረሻው እርምጃ ነው። የኮንደንሰሩ ሙቀት ከውጭው አየር ብዙውን ጊዜ ከ15 እስከ 20 ዲግሪ ይበልጣል። በመሆኑም በአዲስ አበባ 25 ዲግሪ አየር ኮንደንሰሩ ወደ 40፣ በሰመራ 42 ዲግሪ አየር ደግሞ ወደ 60 ዲግሪ ይደርሳል። የአር-22 ጋዝ ፍጹም ግፊት በ40 ዲግሪ ወደ 15.3 ባር፣ በ60 ዲግሪ ወደ 24.3 ባር ነው። በደጋ የለመደውን ቁጥር በአእምሮው ይዞ የወረደ ባለሙያ ይህን ከፍ ያለ ንባብ «ጋዝ በዝቷል» ብሎ ሊተረጉመውና ጋዙን ወደ አየር ሊለቀው ይችላል። አንድ ኪሎ ግራም አር-22 በ100 ዓመት ስሌት ከ1.8 ቶን ገደማ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ጋር የሚስተካከል ሙቀት ያምቃል፤ የኦዞን ንጣፍንም ይጎዳል። በ1987 እ.ኤ.አ. የተፈረመው የሞንትሪያል ፕሮቶኮል ከሚቆጣጠራቸው ጋዞች አንዱ የሆነውም በዚሁ ጉዳቱ ነው። ማፍሰሱ በናይትሮጅን ፍተሻ ከተረጋገጠ ቀዳዳው ይጠገናል፤ መስመሩ በቫክዩም ፓምፕ ይደርቃል፤ ከዚያም ጋዙ በስም ሰሌዳው መጠን በሚዛን ተመዝኖ ይሞላል።

ማጠቃለያ

በአዋሽና በሰመራ የሕሙማን ክፍል፣ የመድኃኒት ማከማቻና ቤተ ሙከራ በቅዝቃዜ ላይ የተመሠረቱ ናቸው። የተሳሳተ ብይን በእነዚህ ቦታዎች ገንዘብ ከማባከኑም ሌላ ሥራን ያቆማል። ከላይ የቀረበው ቅደም ተከተል ከርካሹና ከማይጎዳው ልኬት ተነሥቶ ወደ ውዱና ወደማይመለሰው ይሄዳል። በእያንዳንዱ ፍተሻ የውጭው ሙቀትና የመነሻ ቮልቴጁ ከውጤቱ ጎን ቢመዘገቡ፣ ለቆላ ከተሞች የሚሆን የንባብ ሰንጠረዥ ለማዘጋጀት መሠረት ይጥላሉ። ይህም ለድኅረ ምረቃ ጥናት የተመቸ ርእስ ነው።