የተቆለፈው ማይፋይ ቁልፉ ማን ጋር ነው?

አሜሪካ ውስጥ ከቴሌኮም ኩባንያ በቅናሽ የተገዛ ማይፋይ (በሲም ካርድ ኢንተርኔት ተቀብሎ በዋይፋይ የሚያሰራጭ ተንቀሳቃሽ መሣሪያ) የሌላ ኩባንያ ሲም ሲገባበት ብዙውን ጊዜ አሻፈረኝ ይላል። በሻንጣው ይዞት አዲስ አበባ የገባ መንገደኛም እዚህ የገዛውን ሲም ሲያስገባ፣ ኢንተርኔት ሳይሆን የመክፈቻ ኮድ ጥያቄ ይጠብቀዋል።

ይህ ብልሽት አይደለም። በሲም ካርድ ውስጥ ያለው መለያ ቁጥር መነሻው ላይ አገሩንና ኩባንያውን ይናገራል፤ ለምሳሌ 636 ኢትዮጵያን፣ ቀጥሎ የሚመጣው 01 ኢትዮ ቴሌኮምን ያመለክታል። የተቆለፈ ማይፋይ ቁጥሩን አንብቦ የሸጠው ኩባንያ ቁጥር ካልሆነ ኔትወርክ ይከለክላል። ኩባንያዎች የሚቆልፉት በቅናሽ ወይም በዱቤ የሰጡትን ዕቃ ደንበኛው ይዞ ወደ ተፎካካሪ እንዳይሄድ ነው።

ዕዳው ካለቀ በኋላ ግን ዕቃው የገዢው ነው። እ.ኤ.አ. በ2013 መጀመሪያ አሜሪካ ውስጥ አዲስ ስልክ ያለ ኩባንያው ፈቃድ መክፈት ሕገ ወጥ ሲሆን፣ ከ100,000 በላይ ሰዎች ለዋይት ሐውስ አቤቱታ ፈረሙ። በኦገስት 2014 ፕሬዚዳንት ኦባማ የፈረሙት ሕግ ስልክ የመክፈትን መብት መለሰ፤ በ2015 ደግሞ ማይፋይም ተካተተ።

ስለዚህ መጀመሪያ የሚጠየቀው የሸጠው ኩባንያ ነው። ኩባንያው 15 አሃዝ ያለውን የመሣሪያውን አይኤምኢአይ ቁጥር ይጠይቃል። በኮድ የሚከፈት ከሆነ ኮዱ የሚሰጠው ለዚያው ቁጥር ነው፤ የሌላ ሰው ማይፋይ ኮድ አይሠራም። ባለቤቱ የሌላ ኩባንያ ሲም ያስገባል፣ ስልኩን ከማይፋዩ ጋር ያገናኛል፣ ከዚያም የመሣሪያውን ማስተካከያ ገጽ ይከፍታል። በብዙ የሁዋዌ ማይፋዮች የገጹ አድራሻ 192.168.8.1 ነው። ኮዱ የሚጻፈው እዚያ ላይ ነው።

በግምት መሞከር አደገኛ ነው። የሙከራው ብዛት የተወሰነ በመሆኑ፣ ሲያልቅ መሣሪያው ትክክለኛውን ኮድም ላይቀበል ይችላል።

ኮድ የማይፈታው ችግርም አለ፤ እሱም የሞገድ ነው። የአሜሪካው ኩባንያ ቬራይዘን ለ4ጂ በስፋት የሚጠቀምበት ባንድ 13 የሰሜን አሜሪካ ሞገድ ሲሆን፣ በአውሮፓ፣ በእስያና በአፍሪካ በሰፊው የሚሠራው 1800 ሜጋኸርዝ ወይም ባንድ 3 ነው። የሚሄዱበት አገር የሚጠቀምበትን ሞገድ የማይቀበል ማይፋይ ቢከፈትም 4ጂ አይሰጥም።

ማይፋይ ይዘው ወደ አገር ቤት የሚመጡ ሁሉ ከመነሳታቸው በፊት የሚቀበላቸውን ባንዶች ያረጋግጡ፤ ዕዳቸውን ጨርሰው ያስከፍቱ፤ የሌላ ኩባንያ ሲም አስገብተውም እዚያው ይፈትሹት።