ክረምት ነው፣ ልጆቹ ቤት ናቸው፦ ከብርዱ ይልቅ የተዘጋውን ክፍል ፍሩ

 

የሆሳዕናን ክረምት የምታውቁ ታውቁታላችሁ። ከተማችን ከባሕር ጠለል በላይ 2,200 ሜትር ገደማ ላይ ነው የተቀመጠችው። ጠዋት ጉም፣ ከሰዓት ዝናብ፣ ማታ ብርድ። በረዶ ቆርቆሮውን ሲወቅጠው እርስ በርስ እንኳን አንደማመጥም። ዱራሜም፣ አንጋጫም፣ ዶዮገናም ያው ነው። ትምህርት ቤት ሰኔ መጨረሻ አካባቢ ሲዘጋ ትንንሾቹ እስከ መስከረም ድረስ ቤት ናቸው።

በዚህ ወቅት ጎፈር ሜዳም ሆነ ሴች ዱና አንድ ቤት ብትገቡ የምታዩት ብዙ ጊዜ ይህንን ነው፦ በሩ ተዘግቷል፣ የመስኮቱ ክፍተት በጨርቅ ተወትፏል፣ መሃል ላይ ከሰል ይነዳል፣ የአራት ዓመቱ ልጅ በጋቢ ተጠቅልሎ ሶፋው ላይ ስልክ ይዟል። ወላጅ ይህን የሚያደርገው ልጁን ስለሚወድ ነው፤ "ብርድ እንዳይመታው" ብሎ። ግን እንደ ሐኪም ልንገራችሁ፦ ከዘረዘርኳቸው ውስጥ ለዚህ ልጅ ብዙም የማያሰጋው ብርዱ ነው።

"ብርድ መታው" ስንል ምን ማለታችን ነው?

ጉንፋን የሚመጣው ከቫይረስ ነው። ቫይረሱ በሳል፣ በማስነጠስና በእጅ ንክኪ ከሰው ወደ ሰው ይተላለፋል። ክረምት ላይ የሚበዛበት አንዱ ትልቅ ምክንያት ሁላችንም ጠባብ ክፍል ውስጥ ተዘጋግተን አንድ ዓይነት አየር ስለምንተነፍስ ነው። ብርድ ምንም አያደርግም እያልኩ አይደለም። አራስ ልጅ የሰውነቱን ሙቀት በደንብ መጠበቅ ስለማይችል ከብርድ መጠበቁ ግዴታ ነው። እየሮጠ የሚጫወት የአራት ዓመት ልጅ ግን ሌላ ነው።

እኛ በረዶ ስንል ከሰማይ የሚወርደውን ጠጠር ነው የምናስበው። ኖርዌይና ስዊድን ያሉ ዘመዶቻችን የሚያውቁት በረዶ ግን መሬቱን ለወራት የሚሸፍን ነው። እዚያ አገር መዋዕለ ሕፃናት ልጆችን በበረዶውም ቀን ውጭ አውጥተው ያጫውታሉ። ጨቅላዎችም በደንብ ተሸፍነው ጋሪ ውስጥ ደጅ ላይ ይተኛሉ። የእነዚያ ልጆች ሳንባ ከእኛ ልጆች ሳንባ የተለየ ሆኖ አይደለም፤ ልዩነቱ አለባበሱ ነው። አንድ ወፍራም ጃኬት ከማልበስ ሁለት ሦስት ስስ ልብስ መደረብ ይሻላል። ከላይ ውሃ የማያስገባ ነገር፣ ከታች ካልሲና ቦቲ። ከሰልባጅ ተራ የተገዛም ቢሆን ይበቃል። ዋናው ነገር ልብሱ ከረጠበ ቶሎ መቀየር ነው።

ስለዚህ ዝናቡ ጋብ ሲል አውጧቸው። ግማሽ ሰዓት ይሩጡ፣ ጭቃውን ይርገጡት (በቦቲ!)። ሲመለሱ እግርና እጃቸውን በሳሙና አጥቡላቸውና አድርቁላቸው። ጫማ ማድረግና እግር መታጠብ በአካባቢያችን ቀላል ጉዳይ አይደለም፤ የደጋው ቀይ አፈር ለዓመታት በባዶ እግር ሲረገጥ የእግር እብጠት (የደጋ ዝሆኔ) ያመጣል። ፀሐይ ብቅ ባለች ጊዜም ደጅ ላይ ትንሽ ይሙቋት፤ ለአጥንት የሚያስፈልገውን ቫይታሚን ዲ ቆዳ የሚሠራው በቀጥታ በሚያርፍበት ፀሐይ እንጂ በመስታወት በኩል በሚገባው አይደለም።

አሁን ወደ ከሰሉ እንምጣ

በዚህ ላይ ጠንከር ብዬ ልናገር። ከሰል ሲነድ ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባል ጋዝ ይወጣል። ሽታ የለውም፣ ቀለም የለውም፣ ዓይን አያስለቅስም። "ጢሱ አልቋል፣ አሁን ፍም ብቻ ነው" ይባላል፤ የጢሱ ማለቅ ግን የጋዙ ማለቅ አይደለም። ጋዙ ደም ውስጥ ገብቶ የኦክስጅንን ቦታ ይይዛል። ልጆች ከአዋቂ ይልቅ ቶሎ ቶሎ ስለሚተነፍሱ ቀድመው ይጎዳሉ። መጀመሪያ ራስ ምታት፣ ማዞር፣ ማቅለሽለሽና ድካም ይመጣል። ትንሽ ልጅ ደግሞ "ራሴን አመመኝ" አይልም፤ ይነጫነጫል፣ ያስመልሰዋል፣ ወይም ዝም ብሎ እንቅልፍ ይዞት ይሄዳል። የሚያስፈራው ይህ ነው፤ ተኝቶ የነበረ ሰው ሳይነቃ ሊሞት ይችላል።

ከሰል እያነደዳችሁ በፍጹም አትተኙ። ከመኝታ በፊት ማንደጃው ከቤት ይውጣ፤ ጥግ ላይ ማስቀመጥ ወይም በአመድ መሸፈን አይበቃም። ቀን ላይ የግድ ከሆነ በርና መስኮት ይከፈት። ቡናችን ይቀጥል፣ ማንም አይከለክለንም፤ ብቻ በሩ ገርበብ ይበል፣ ልጆቹም ከጢሱ ራቅ ይበሉ። ቤት ውስጥ ያለ የእንጨት ጢስም ትንንሽ ልጆችን ለሳንባ ምች ያጋልጣል።

ቤት ውስጥ ያለ ሰው በድንገት ራሱን ካመመው፣ ካዞረው ወይም ከደነዘዘ ሁሉንም ወዲያው ወደ ደጅ አውጡና ወደ ሕክምና ውሰዱ። ሕክምናው ኦክስጅን ነው። ወተት ማጠጣት አያድንም፤ ራሱን ለሳተ ሰው ደግሞ በአፉ ምንም አትስጡ፤ ወደ ሳንባው ሊገባ ይችላል።

ስልኩስ?

"ዶክተር፣ ስልክ ካልሰጠሁት አይበላልኝም" የሚለው ነገር በጣም በዝቷል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2019 ያወጣው መመሪያ ግልጽ ነው፦ ሁለት ዓመት ላልሞላው ልጅ ስክሪን አይመከርም፤ ከሁለት እስከ አራት ዓመት ላለው በቀን ከ1 ሰዓት አይለፍ፣ ካነሰም ይሻላል። ይኸው መመሪያ ከሦስት እስከ አራት ዓመት ያለ ልጅ በቀን ቢያንስ 180 ደቂቃ እንዲንቀሳቀስና ከ10 እስከ 13 ሰዓት እንዲተኛ ይመክራል። ሦስት ሰዓት እንቅስቃሴ! ጋቢ ውስጥ ተጠቅልሎ የዋለ ልጅ ማታ እንቅልፍ እምቢ ቢለው ምን ይገርማል?

"የትምህርት ቪዲዮ ነው እኮ የሚያየው" ትሉ ይሆናል። ልጁ የእንግሊዝኛ ፊደል ይዘፍን ይሆናል፣ ጥሩ። ግን ቪዲዮው ልጁን አይሰማውም። ልጁ "ይሄ ምንድነው?" ሲል አይመልስለትም። የትንሽ ልጅ አንጎል የሚያድገው በምልልስ ነው፦ ልጁ ይጠይቃል፣ ሰው ይመልሳል፣ ልጁ እንደገና ይጠይቃል። አምስት ዓመት ሲሞላው የአንጎሉ መጠን ከአዋቂ አንጎል 90 በመቶ ገደማ ይደርሳል። ይህን ጊዜ ሰው እንጂ ስልክ ባያሳልፈው ጥሩ ነው።

ታዲያ ምን እናስተምራቸው?

ለኬጂ ልጅ የክረምት አስጠኚ የሚቀጥሩ ወላጆች አሉ። እኔ አልደግፈውም። ከስድስት ዓመት በታች ያለን ልጅ ሁለት ሰዓት ወንበር ላይ አስቀምጦ ፊደል ማስጻፍ ድካሙ ይበዛል። በመጋቢት 2012 ዓ.ም. ኮሮና ገብቶ ትምህርት ቤቶች ሲዘጉ ለትልልቆቹ በሬዲዮና በቴሌቪዥን ትምህርት ተሞክሮ ነበር። ለትንንሾቹ ግን ትምህርት ቤቱ ቤታቸው ነበር። ክረምትም እንደዚያው ነው፤ ቤታችን ደግሞ ሙሉ ነው።

ወጥ ቤት እንጀምር። ምስር ስትለቅሙ አጠገባችሁ ይቀመጥ፤ ጠጠሩን በሁለት ጣቱ ሲያነሳ ነገ እርሳስ የሚይዝበትን ጡንቻ እያሠራ ነው። (ከአራት ዓመት በታች ከሆነ ዓይናችሁ አይለየው፤ ምስሩም፣ ቆሎውም፣ ኦቾሎኒውም ትንታ አምጥቶ የአየር ቧንቧ ሊዘጋ ይችላል።) የቡላ ገንፎ ስትሠሩ "ስንት ጭልፋ ጨመርን?" በሉት። ቡላና ቆጮ ጉልበት ይሰጣሉ፣ ፕሮቲናቸው ግን አነስተኛ ነው፤ ስለዚህ ወተት ወይም እንቁላል ሲጨመር ልጁ ራሱ ያምጣ፣ ራሱ ይስበር። ራሱ የሠራውን ምግብ ደግሞ ያለ ስልክ የመብላት ዕድሉ ሰፊ ነው። ይህን በራሳችሁ ቤት ሞክሩትና ታዘቡ።

የለስላሳ ቆርኪ ሰብስቡለት። ሱቅ ይክፈት። እናንተ ገዢ ሁኑ፣ እሱ ባለሱቅ። "ሁለት ሳሙና በአምስት ቆርኪ፣ ሰባት ከሰጠሁህ መልሴ ስንት ነው?" ይህ ሒሳብ ነው፣ እሱ ግን ጨዋታ ይመስለዋል። ገበጣ ያለው ቤት ደግሞ ሌላ አስተማሪ አያስፈልገውም፤ መቁጠር፣ ተራ መጠበቅ፣ መሸነፍን መቻል ሁሉም እሱ ውስጥ አለ።

ዝናቡን ራሱ ተጠቀሙበት። ጎኑ ቀጥ ያለ፣ ውስጡ የሚያሳይ ዕቃ ደጅ ላይ አስቀምጡ። በየጠዋቱ ውሃው የደረሰበትን በእስክሪብቶ ምልክት አድርጉና ድፉት። "ትናንት ነው ዛሬ ብዙ የዘነበው?" የአምስት ዓመት ልጅ በሳምንት ውስጥ ከእናንተ ቀድሞ ሮጦ የሚያይ ይሆናል። (ከአሸንዳው የተጠራቀመ ባልዲና በርሜል ግን ሁልጊዜ ይከደን። ሕፃን ልጅ በባልዲ ውሃም ሊሰምጥ ይችላል።)

ሰውነታቸውም መሥራት አለበት። የሶፋውን ትራስ ደርድሩና "ሀምበሪቾን እንውጣ!" በሉ። የእውነተኛው ሀምበሪቾ ተራራ ደረጃ 777 ነው፤ የእናንተው ሰባት ትራስ ይሁን፣ እየቆጠሩ ወጥተው እየቆጠሩ ይውረዱ። ከመውጣቱ በፊት ግን ማንደጃውም ጀበናውም ከዚያ ክፍል ይውጣ። የፈላ ውሃ ከነካው ለ20 ደቂቃ ቀዝቃዛ ንጹሕ ውሃ አፍስሱበት፤ የጥርስ ሳሙና፣ እንቁላል፣ ቅቤ አትቀቡት።

ማታ መብራት ሲጠፋ (ይጠፋል እኮ!) እንቆቅልሽ ጀምሩ። "እንቆቅልህ"፣ "ምን አውቅልህ"፤ ካላወቀ አገር ይስጥ። ሆሳዕናን ሰጥቶ፣ ሾኔን ሰጥቶ፣ ዱራሜን ሰጥቶ የአካባቢውን ስም ሁሉ ይማራል። አባቶች፣ ይህ የእናንተ ሰዓት ነው። ከሥራ ገብታችሁ የኳስ ዜና ከማሳደድ ሃያ ደቂቃ ስጧቸው።

በየትኛው ቋንቋ?

ይህ ጥያቄ ከተማ ውስጥ ብዙ ወላጆችን ያስጨንቃል። "በሀዲይኛ ካወራሁት አማርኛው ይበላሽበታል፣ እንግሊዝኛውም ይዘገያል" ብለው የሚሰጉ አሉ። አይዘገይም። ሁለት ወይም ሦስት ቋንቋ እየሰማ ማደግ የልጅን አፍ መፍታት አያዘገይም፤ ቃላት ቢያቀላቅልም ጤነኛ ነው፣ ራሱ ይለየዋል። ይልቅ የሚጎዳው ወላጅ ራሱ በደንብ በማይችለው ቋንቋ በተቆራረጠ ቃል ሲያወራው ነው። ተረት የምታውቁት በሀዲይኛ ከሆነ በሀዲይኛ፣ በከምባትኛ ከሆነ በከምባትኛ ንገሩት። አያቱ ቤት ካሉማ ትልቅ ሀብት ነው። በሁለቱም ቋንቋ "ማቶ፣ ላሞ፣ ሳሶ" ተብሎ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት ይቆጠራል፤ አራት ላይ ነው አንዱ "ሶሮ"፣ ሌላው "ሾሎ" ብሎ የሚለያየው። አባቱ ሀዲያ እናቱ ከምባታ የሆነ ልጅ ይህን ሲያገኝ እንዴት እንደሚስቅ!

ልጁ ሦስት ዓመት ሞልቶት በየትኛውም ቋንቋ ሁለት ሦስት ቃል አያይዞ የማይናገር ከሆነ፣ ወይም ስሙ ሲጠራ ዞር የማይል ከሆነ ግን "ስልክ ስላበዛ ነው" ብላችሁ አትተዉት፤ ይታይ፣ ጆሮውም ይመርመር።

መቼ ነው ወደ ሕክምና የምንሮጠው?

ጉንፋን የያዘው ልጅ እየተጫወተና እየጠጣ ከሆነ ብዙ ጊዜ በራሱ ይሻለዋል። ፀረ ተሕዋሲያን መድኃኒት (አንቲባዮቲክ) ቫይረስን አያድንም፤ ከፋርማሲ ገዝታችሁ አትስጡ። ግን ልጁ ጸጥ ሲል ልብሱን ገልጣችሁ ደረቱን እያያችሁ አንድ ሙሉ ደቂቃ ትንፋሹን ቁጠሩ። ከ2 እስከ 12 ወር ባለ ሕፃን 50 እና ከዚያ በላይ፣ ከ1 እስከ 5 ዓመት ባለ ልጅ 40 እና ከዚያ በላይ ከሆነ ፈጣን አተነፋፈስ ነው፤ የሳንባ ምች ሊሆን ስለሚችል በዚያው ቀን ጤና ጣቢያ ውሰዱት። ሲተነፍስ ከጎድን አጥንቱ ሥር ወደ ውስጥ ከገባ፣ መጥባት ወይም መጠጣት ካቃተው፣ የበላውን ሁሉ ካስመለሰው፣ ከንፈሩ ከጠቆረ፣ ካንቀጠቀጠው ወይም አልነቃ ካለ ዝናቡ እስኪያባራ አትጠብቁ፤ ሌሊትም ቢሆን በላስቲክ ሸፍናችሁት ሆስፒታል ድረሱ።