አልቃሻው ሕፃን እንቅልፉን ጠግቧል ወይ?

ዳዴን ጨርሶ ድክ ድክ የሚል ሕፃን መሬት ላይ ተንከባሎ ሲያለቅስ፣ እኩያውን ሲነክስ ወይም የሰጡትን ሁሉ ሲወረውር በየሠፈራችን ምን እንደሚባል እናውቃለን። «ቅብጥብጥ»፣ «ግትር»፣ «አመለ ቢስ» ይባላል። ከዚያ ኩርኩም ይከተላል። እኛ ዕጩ መምህራን ግን ስለ ሕፃናት ዕድገት የምንማር እንደመሆናችን መጠን ከኩርኩሙ በፊት አንድ ጥያቄ ልናስቀድም ይገባናል። ይኸውም «ይህ ልጅ እንቅልፉን ጠግቧል ወይ?» የሚል ነው። ጥያቄው ቀላል ይምሰል እንጂ መልሱ ስለ ልጁ ብቻ ሳይሆን ስለ ቤቱ ኑሮም ይናገራል።

በመሠረቱ እንቅልፍ ለሕፃን ዕረፍት ብቻ አይደለም። ሰውነትን የሚያሳድገው ሆርሞን በብዛት የሚመነጨው በከባድ እንቅልፍ ጊዜ ነው፤ ቀን የተማረውም ነገር በአእምሮው የሚደላደለው ሲተኛ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በ2011 ዓ.ም. ባወጣው መመሪያ፣ ከአንድ እስከ ሁለት ዓመት ያለ ሕፃን በ24 ሰዓት ውስጥ ከ11 እስከ 14 ሰዓት፣ የሦስትና የአራት ዓመት ልጅ ደግሞ ከ10 እስከ 13 ሰዓት መተኛት እንዳለበት ገልጿል። የቀኑም እንቅልፍ በዚሁ ውስጥ ይቆጠራል። እስቲ እናስላው። ማታ በአራት ሰዓት ተኝቶ ንጋት ላይ በአሥራ አንድ ሰዓት የሚቀሰቀስ የሁለት ዓመት ልጅ ሌሊቱን የተኛው 7 ሰዓት ነው። ቀን 2 ሰዓት ቢያሸልብ እንኳ 9 ይሆናል። ከዝቅተኛው ልክ በየቀኑ 2 ሰዓት፣ በሳምንት 14 ሰዓት ይጎድለዋል። የአንድ ሙሉ ቀን እንቅልፍ ጠፋ ማለት እኮ ነው!

ታዲያ እንቅልፍ ያጣ ልጅ ለምን ፈዞ አይቀመጥም? ትልቅ ሰው ሲደክመው ያዛጋል። ሕፃን ግን ብዙ ጊዜ ተገላቢጦሽ ነው፤ ይሮጣል፣ ይነጫነጫል፣ ይቆጣል። ቁጣን የሚገታው የአንጎል ክፍል በዚህ ዕድሜ ገና አልበሰለም፤ ድካም ሲጨመርበት ያለችውም ልጓም ትላላለች። ከዚህ ላይ ኮርቲሶል የሚባለውን ሆርሞን ማወቅ ይጠቅማል። ይህ ሆርሞን እንደ ደንቡ ጧት ከፍ ብሎ ያነቃናል፣ ማታ ዝቅ ብሎ ለእንቅልፍ ያመቻቸናል። ጭንቀት ሲደጋገም ግን ማታም ላይወርድ ይችላል። ያን ጊዜ ልጁ እንቅልፍ እምቢ ይለዋል፤ እንቅልፍ በማጣቱም በማግሥቱ በትንሹም በትልቁም ይጨነቃል። በዚህ ዓይነት አንዱ ሌላውን እየወለደ እንደ ወፍጮ ይዞራል።

ይህ ወፍጮ በድኻ ቤት ለምን ይበረታል? የብዙዎቻችን አገር የሆኑትን ወልቂጤንና ቡታጅራን እንመልከት። ወልቂጤ አዲስ አበባን ከጅማ በሚያገናኘው መንገድ ላይ፣ ቡታጅራ ደግሞ ከአዲስ አበባ ወደ ሆሳዕና በሚወስደው መንገድ ላይ ያሉ የንግድ ከተሞች ናቸው። አቅም የሌለው ቤተሰብ በተከራያት አንዲት ክፍል ውስጥ ያበስላል፣ ይበላል፣ ይተኛል። አምፖሉ አንድ ስለሆነ እሱ እስኪጠፋ ልጁም አይተኛም። የጎረቤት ሬዲዮና የመኪና ጥሩምባ ግድግዳ አያግዳቸውም። ትኋኑና ቁንጫውም አለ። እናት ጉልት የምትቸረችር ወይም እንጀራ ጋግራ የምታስረክብ ከሆነች ሳይነጋ ትነሣለች፤ ልጁንም አዝላ ትወጣለች። አባት ለሥራ አዲስ አበባ ከሆነ ሸክሙ ሁሉ በእርሷ ላይ ነው። ማንኛውም ሕፃን ሌሊት መለስ ቀለስ እያለ ይነቃል፤ ጸጥታ ካገኘ ተመልሶ ይተኛል። ራብ፣ ንክሻና ጫጫታ ካገኘው ግን ነቅቶ ይቀራል።

የእናት ጭንቀት ከልጅ ጤና ጋር መያያዙ በዚሁ በአገራችን ተጠንቷል። በ1979 ዓ.ም. አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ከስዊድኑ ኡሜዮ ዩኒቨርሲቲ ጋር በቡታጅራና በዙሪያዋ ባሉ 10 ቀበሌዎች የጤና ጥናት ጀመረ። በዚያው መሠረት ላይ፣ በ1997 እና በ1998 ዓ.ም. ከ1,000 በላይ ነፍሰ ጡሮች ስለ ጭንቀታቸውና ስለ ድብርታቸው ተጠየቁ። ከቀረቡላቸው 20 ጥያቄዎች አንዱ እንቅልፋቸው መጥፎ እንደሆነ የሚጠይቅ ነበር። ጭንቀት የበዛባቸው ምጣቸው ይበልጥ የመርዘም፣ ጡት ማጥባት ለመጀመርም የመዘግየት ዕድል ነበራቸው። ጭንቀቱ ከወሊድ በኋላም ያልለቀቃቸው እናቶች ልጆች ደግሞ በሁለት ወራቸው ተቅማጥ ይበልጥ ያጠቃቸው ነበር። ይህ ውጤት ስለ ሕፃናት እንቅልፍ ባይሆንም የእናት ሐሳብ በእናት ብቻ ተወስኖ እንደማይቀር ያስተምረናል።

እንግዲህ እንዲህ ላለች እናት «ለልጅሽ የራሱን ክፍል ስጪው» ማለት መቀለድ ነው። ገንዘብ የማይጠይቁ ነገሮች ግን አሉ።

አንደኛ፣ በተቻለ መጠን በየማታው በአንድ ሰዓት ማስተኛት።

ሁለተኛ፣ ቅደም ተከተሉን አለመለወጥ፤ ራት፣ እግር መታጠብ፣ እሹሩሩ ወይም አጭር ተረት፣ ከዚያ መኝታ። ልጅ ሰዓት ማንበብ ባይችልም ቅደም ተከተል ያውቃል።

ሦስተኛ፣ መኝታውን ከመብራቱ በአሮጌ ነጠላ መጋረድ፣ የስልክና የቴሌቪዥን ድምፅ መቀነስ።

አራተኛ፣ ጅባውንና ፍራሹን አውጥቶ ማራገፍ፣ ስፌቱን ለትኋን መፈተሽ።

አምስተኛ፣ «ተኛ፣ አያ ጅቦ መጣልህ!» ማለትን መተው። ይህ ነገር ልጁን ዝም ያሰኘው ይሆናል፤ ግን የፈራ ልብ አያስተኛም።

ሌሊት ትንፋሹ ቁርጥ ቁርጥ እያለ የሚያንኮራፋ ወይም መቀመጫውን አሳክኮት የሚነቃ ሕፃን ካለ ደግሞ ጤና ጣቢያ መታየት አለበት።

ጉዳዩ እኛን የሚመለከተው ለምንድን ነው? ዛሬ ሁለት ዓመት የሞላው ልጅ ከጥቂት ዓመታት በኋላ በቅድመ አንደኛ ደረጃ ክፍል ፊታችን ይቀመጣል። የሚረብሽ ሁሉ እንቅልፍ ያጣ ነው አንልም፤ የድኻ ልጅ ሁሉ አይተኛም ማለትም ስሕተት ነው። ነገር ግን እንቅልፍ ያጣውን ልጅ ብንቀጣው ከቤት ባመጣው ጭንቀት ላይ የእኛን ጨመርንበት፤ በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ ነው። ስለዚህ ለማስተማር ልምምድ ስንወጣ የሚያንቀላፋውንና የሚቆጣውን ልጅ በየትኛው ሰዓት እንደሆነ እንመዝግብ። ከተቻለም ጥግ ላይ ጥቂት እንዲያሸልብ እንፍቀድለት። እናቱን ስናገኝ በወቀሳ ሳይሆን በአክብሮት «እትዬ፣ ልጁ እንዴት አደረ?» ብለን እንጀምር። ይህ ለወጉ የምንለው ሰላምታ ነው፤ እኛ ግን መልሱን ከልብ እናዳምጥ።