«ተኛ፣ ስፌቱ ይፈታል!»

ኦፕራሲዮን የተደረገ ሰው ገና ቀና ሲል አስታማሚው ተሯሩጦ ይመልሰዋል፤ «ተኛ፣ ስፌቱ ይፈታል!» ይላል። ከፍቅር የመጣ ቃል ነው፤ ግን ይጎዳል።

ሐኪሞችም ለረጅም ዘመን እንዲሁ ያምኑ ነበር። የቺካጎው ሐኪም ኤሚል ሪስ ሆዳቸው የተከፈተ ታካሚዎችን ቶሎ ማስነሳት እንደሚቻል በ1899 እ.ኤ.አ. ቢጽፍም፣ ሐሳቡ በሰፊው ተቀባይነት ያገኘው በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ዘመን ነው።

ሆድን አጥብቆ የሚይዘው ከላይ የምናየው የቆዳ ስፌት አይደለም፤ ከሥሩ ያለው ጠንካራ ሽፋን የተሰፋበት ክር ነው። ሐኪሙ ሲሰፋ ታካሚው እንደሚያስልና እንደሚራመድ ያውቃል። ሳል ደግሞ ቀስ ብሎ ከመራመድ የበለጠ ሆድን ይወጥራል። ቁስል ሲያመረቅዝ ወይም ሰውነት በምግብ እጥረት ሲጎዳ ነው ለስፌቱ ይበልጥ መስጋት ያለብን።

«እረፍት ያድናል» የሚባለውም ግማሽ እውነት ነው። ስንራመድ የባት ጡንቻ ደሙን ወደ ልብ ይገፋል። እግር ሳይንቀሳቀስ ሲቆይ ደም ሊረጋ፣ የረጋው ተነቅሎ ሳንባ ውስጥ ገብቶ ሊገድል ይችላል። በጀርባው ተኝቶ የሚውል ሰው በጥልቀት ስለማይተነፍስም አክታ ይጠራቀምበታል፤ ለሳንባ ምች ይጋለጣል። አዛውንቶችን «አይንገላቱ» ብለን ስናስተኛቸው ጉልበታቸው ከሌላው ሰው ፈጥኖ ይከዳቸዋል። የዳሌ ስብራት የተሠራላቸው እንኳ የሚከለክል ነገር ከሌለ በማግስቱ መነሳት አለባቸው።

«ሕመሙ ይለፍና እነሳለሁ» ማለትም አያዋጣም። ማስታገሻው ተወስዶ መሥራት ሲጀምር መነሳት ይሻላል። ሆዱ የተሠራ ሰው እጁን ተይዞ ሽቅብ አይጎተት። ጉልበቱን አጥፎ በጎኑ ይዙር፤ እግሮቹን ከአልጋው እያወረደ በክርኑ ገፍቶ ይቀመጥ። ሲያስል ትንሽ ትራስ ቁስሉ ላይ ደገፍ ያድርግ። ወዲያው አይቁም፤ እግሩ መሬት ነክቶ ማዞሩ እስኪተወው ጥቂት ይቆይ። የሽንት ከረጢት ከተደረገለት፣ ከረጢቱ ምንጊዜም ከፊኛው ዝቅ ይበል። የመጀመሪያው ቀን ወንበር ላይ ቁጭ ማለትና ጥቂት እርምጃ ይበቃል።

ለመጀመሪያ ጊዜ ሲነሳ ነርስ ወይም ፊዚዮቴራፒስት አጠገቡ ይኑር። አከርካሪው የተጎዳ ወይም ቆዳ የተተከለለት ሰው ያለ ሐኪሙ ፈቃድ አይነሳም። አንድ እግር ካበጠ፣ ትንፋሽ በድንገት ካጠረ፣ ደረት ከወጋ ወይም ፋሻው በአንዴ ከራሰ፣ ሌሊትም ቢሆን ነርሷን ጥሩ።