በሳንቲሙ ውስጥ ስንት ብር አለ?

እ.ኤ.አ. በ1318 ታኩር ፈሩ የተባለ የዴልሂ ሱልጣኔት የገንዘብ ማምረቻ ባለሙያ ለመንዛሪዎች የሚጠቅም መጽሐፍ ጻፈ። መጽሐፉ ከ200 በላይ የሳንቲም ዓይነቶችን ክብደትና የያዙትን የከበረ ማዕድን መጠን ይዘረዝራል። ይህ ሁሉ ድካም ያስፈለገው በገበያው ከሚዘዋወሩት ሳንቲሞች ብዙዎቹ መዳብ የበዛባቸው፣ ብር ያነሰባቸው ቅይጦች ስለነበሩ ነው። የብሩን መጠን በዓይን መለየት አይቻልም። የሚያውቅ መንዛሪ ያተርፋል፤ የማያውቅ ነጋዴ ይከስራል።

ቅይጡ ግን በራሱ ማጭበርበር አልነበረም። ህንድ ብር የምታገኘው በአብዛኛው ከውጭ በሚመጣ ንግድ ነበር። ሱልጣን ኢልቱትሚሽ (1211-1236) 11 ግራም ገደማ የሚመዝነውን የብር ታንካ ለትልልቅ ክፍያ ሲያወጣ፣ ለዕለት ሸመታ ያገለገለው ቅይጡ ጂታል ነው። የጂታልን ዋጋ የሚያህል ንጹሕ ብር ለብቻው ቢመታ ከጣት የሚያመልጥ ቅንጣት ይሆናል። መዳብ ሲታከልበት ግን ለእጅ የሚመች ሳንቲም ይወጣዋል።

ችግሩ የከፋው እ.ኤ.አ. በ1330 ገደማ ነው። ሱልጣን ሙሐመድ ቢን ቱግሉቅ የመዳብና የነሐስ ሳንቲም በብር ታንካ ዋጋ እንዲሠራ አዘዘ። ማዕድኑ ርካሽ፣ ቅርጹም ለማስመሰል ቀላል ነበር። የዘመኑ ታሪክ ጸሐፊ ባራኒ እንደሚለው የየሰው ቤት የሳንቲም መምቻ ሆነ። ሕዝቡ ግብሩን በመዳብ እየከፈለ ብሩን ደበቀ። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ሱልጣኑ አዋጁን ሽሮ፣ ሳንቲሙን ያመጣ ሁሉ በወርቅና በብር እንዲለወጥለት አዘዘ። አስመሳዩም ከሐቀኛው ነጋዴ እኩል ተከፈለው፤ ኪሳራው በግምጃ ቤቱ ላይ ወደቀ።

ከዚያም በኋላ ቅይጡ አልቀረም። በባህሉል ሎዲ ዘመን (1451-1489) ዋናው መገበያያ ይኸው ነበር። ያስቀረው ሸር ሻህ ሱሪ (1540-1545) ነው። እርሱ 11 ግራም ተኩል ገደማ የሚመዝን ጥሩ የብር ሩፒያ፣ ለዝርዝር ደግሞ የመዳብ ሳንቲም አወጣ፤ ብሩ ለብቻ፣ መዳቡ ለብቻ ሆነ። ከዚያ ወዲህ ነጋዴው የሳንቲሙን ዋጋ ለማወቅ በሚዛኑ መተማመን ቻለ።

የቅይጡ ሳንቲም ለሦስት መቶ ዓመታት መቆየት የሚያሳየው ገበያ መዳብን እንደማይጠላ ነው። ገበያ የሚሸሸው ልኩ ያልታወቀውን ነው።